ከወደብ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከቻርጀሩ አይለፍ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በአሜሪካ የተሠራች፣ 12 ሜትር ርዝመት ያላት ባለሸራ ጀልባ አላቸው። አካሏ ፋይበርግላስ ነው። ሶኬቶቹ፣ የውኃ ማሞቂያው፣ ማይክሮዌቩና የአየር ማቀዝቀዣው በሙሉ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ይሠራሉ፤ ባትሪዎቹ ባለ 12 ቮልት ናቸው። አትላንቲክን ተሻግረው ሁለት ዓመት ያህል በሜዲትራኒያን ባሕር ሊቆዩ አስበዋል። እዚያ ወደብ ላይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ግን 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። «ቮልት የሚቀንስ ትልቅ ትራንስፎርመር አስገብቼ ሁሉንም ዕቃ እንደ በፊቱ ብጠቀም ምን ይጎድለኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የሚጎድልዎት ኸርዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገረው ቁጥር ነው። ትራንስፎርመሩ 230 ቮልቱን ወደ 115 ያወርድልዎታል፤ 50 ኸርዙን ግን እንደመጣ ያሳልፈዋል። ለውኃ ማሞቂያ ይህ ልዩነት የለውም፤ ሞተር ላለው ዕቃ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የማቀዝቀዣ ሞተር 50 ኸርዝ ሲሰጡት ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። በውስጡ ያለው የብረት እምብርት ደግሞ ከታሰበለት በላይ መግነጢሳዊ ጫና ስለሚያርፍበት ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። ብዙ እየሳበ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ነፋስ እያነሰው ይግላል። ወዲያው አይቃጠልም፤ ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር በደህና ይሠራና በበጋው ሙቀት መካከል የጥቅልሉ ሽቦ ልባስ ነድዶ ያበቃለታል። የድሮው ዓይነት ከባድ ትራንስፎርመር ያለው ማይክሮዌቭም ዕጣው ከዚህ አይርቅም። አንድ ምልክት ልንገርዎት፦ ጊዜውን ከመስመሩ ኸርዝ የሚቆጥር የማይክሮዌቭ ሰዓት 50 ኸርዝ ላይ ሲገባ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰዓት ሲዘገይ ካዩ በዚያው መስመር ላይ ያሉት ሞተሮችም እየተሰቃዩ መሆኑን ይወቁ።

እኔ ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ መርከበኛ ሁልጊዜ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። የወደቡን ኤሌክትሪክ የሚነካው ዕቃ አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም የባትሪ ቻርጀር። ዛሬ ለባሕር የሚሠሩ ብዙ ቻርጀሮች ከ90 እስከ 265 ቮልት፣ ከ45 እስከ 65 ኸርዝ የመጣላቸውን ሁሉ ይቀበላሉ። ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ገና ከመግቢያው ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጡት፣ 50 ሆነ 60 ግድ የላቸውም። ቻርጀሩ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ኢንቨርተሩን፣ ማለትም ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ መልሶ ተለዋዋጭ የሚያደርገውን ዕቃ ይመግባል፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ የጀልባዎን የራሷን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ አምርቶ ለሶኬቶቹ ይሰጣል። ማይክሮዌቩ የትኛው አገር እንዳለ አያውቅም። የወደቡ ቮልት ከፍ ዝቅ ቢል፣ ጎረቤትዎ ትልቅ ዕቃ ሲያስነሳ መብራቱ ቢርገበገብ፣ መናወጡ ቻርጀሩ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ጉዞዎ ከሜዲትራኒያን ቢያልፍም ይኸው ዝግጅት ያገለግልዎታል። በካሪቢያን የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ወደብ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ያገኛሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ጥቂት ቀን በሸራ ወርደው ማርቲኒክ ሲደርሱ 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ይጠብቅዎታል። ጃፓን ደግሞ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ኸርዝ አላት፦ ቮልቱ በመላው አገር 100 ሲሆን ምሥራቁ በ50፣ ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራል። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ጀነሬተሮቿን ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ስለገዙ የተፈጠረ ልዩነት ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም አልተዋሐደም። ቻርጀርዎ ሁለቱንም ሳይለይ ይበላል።

አሁን ስለ መጠኑ። ከአሜሪካ የሚመጡ መርከበኞች የሚደነግጡበት ነገር፣ በሜዲትራኒያን ትንንሽ ወደቦች የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ጥቂት መሆኑ ነው። እርስዎ የለመዱት 30 አምፔር በ120 ቮልት፣ ማለትም 3,600 ዋት ነው። እዚያ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ሲያገኙ 3,680 ዋት ስለሆነ ምንም አይጎድልዎትም። ነገር ግን የወደቡ ሰማያዊ ሶኬት ባለ 16 አምፔር ሆኖ ከኋላው ያለው ብሬከር (መጠኑ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጠው) 10 ወይም 5 አምፔር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። አምስት አምፔር 1,150 ዋት ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ሳይሆን ብሬከሩን ያንብቡ።

ለዚህ ነው 60 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ልክ ነው የምለው። 60 አምፔር በ14.4 ቮልት 864 ዋት ይሆናል፤ በቻርጀሩ ውስጥ የሚባክነውን ጨምረን ከወደቡ ወደ 980 ዋት ይስባል፤ ይህም በ230 ቮልት 4.3 አምፔር ገደማ ነው። በአምስቱ አምፔር ብሬከር ሥር በልኩ ይገባል። በቀን 200 አምፔር-ሰዓት የምትጠቀም ጀልባ በዚህ መጠን በግማሽ ቀን ውስጥ ያጣችውን ትመልሳለች። ከዚህ የሚበልጥ ቻርጀር ከገዙ ከወደቡ የሚስበውን አምፔር መገደብ የሚቻልበት ይሁን፤ አለዚያ ሌሊት ብሬከሩን ይጥሉና ቁልፉ የተዘጋበት ሳጥን ፊት ቆመው የወደቡን ሠራተኛ ሲጠብቁ ያነጋሉ።

የአየር ማቀዝቀዣው ለብቻው የሚታይ ነው። ሲሠራ 1,400 ዋት ያህል የሚፈልግ ማቀዝቀዣ በኢንቨርተር በኩል ከባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከ120 አምፔር በላይ ያለማቋረጥ ይስባል። አንድ ባለ 60 አምፔር ቻርጀር አይደርስበትም፤ በሰዓታት ውስጥ ባትሪውን ያራቁተዋል። ወይ ተመሳሳይ ቻርጀር ደራርበው ቢያንስ 10 አምፔር የሚሰጥ ወደብ መፈለግ፣ ወይም ማቀዝቀዣውን ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ በተሠራ መቀየር ይኖርብዎታል። ሦስተኛውን እኔ እመርጣለሁ፦ ማቀዝቀዣውን ትቶ በመስኮቶቹ ላይ ጥላ መዘርጋትና ጥሩ ማራገቢያ መግጠም።

የውኃ ማሞቂያው ቀላል ነው፤ የሞተሩ ሙቀት በሚገባ የሚያሞቀው ዓይነት ከሆነ እንዳለ ይተዉት። በወደብ ኤሌክትሪክ ማሞቅ ከፈለጉ ግን ውስጡ ያለውን ማሞቂያ ዘንግ ለ230 ቮልት በተሠራ፣ 750 ዋት በሚሆን ይቀይሩት። የነበረውን ሳይቀይሩ 230 ቮልት ቢሰጡት 1,500 ዋት የነበረው ወደ 5,500 ዋት ይዘላል። ቮልቱ እጥፍ ሲጠጋ ኃይሉ አራት እጥፍ ይጠጋልና።

ወደ አገጣጠሙ ስንመጣ፣ ጀልባዋ ላይ ያለውን ባለ 30 አምፔር መግቢያ አይንኩት። ክዳኑን ዘግተው ያቆዩት፤ ሲመለሱ ይጠቅምዎታል። ከእሱ ርቆ ለቻርጀሩ (ከቀየሩትም ለማሞቂያው ዘንግ) ብቻ የሚሆን አዲስ ሰማያዊ ባለ 16 አምፔር መግቢያ ይግጠሙ። ከመግቢያው በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ፌዙንና (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦና) ኒውትራሉን (የሚመልሰውን) አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ 16 አምፔር ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚዘጋ መከላከያ ይኑር። ሁለቱን መቁረጥ ግድ የሚሆነው፣ በአውሮፓ ብዙ አገሮች ያለው የቤት ስፒና ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ በየትኛው ሽቦ እንደመጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው። ኖርዌይ ብትሄዱማ በብዙ ቦታ ኒውትራል የሚባል የለም፤ ሁለቱም ሽቦዎች ከመሬት አንጻር ወደ 130 ቮልት ያህል ይዘው ይመጣሉ። አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ብሬከር እዚያ ቢዘጋም ዕቃውን ሕያው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለበት አድርጎ ይተወዋል።

የ230 ቮልቱ መስመር ከ120 ቮልቱ መስመር ጋር የሚገናኝበት ነጥብ በጭራሽ አይኑር። ከሰማያዊ ስፒና ወደ አሜሪካ ሶኬት የሚያገናኝ አዳፕተር ሊሸጥልዎት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ አይግዙት። የእርስዎ ጀልባ ነጠላ መስመር ናት፤ ባለ 50 አምፔር ባለ ሁለት ፌዝ ጀልባ ያላቸው ሰዎችም እንዲህ ያለውን አዳፕተር «230 እና 240 አንድ ነው» ተብለው ይገዙታል። የአሜሪካው 240 ቮልት መካከል ላይ ኒውትራል አለው፤ የአውሮፓው 230 የለውም። መካከለኛው ሽቦ ተንሳፍፎ ሲቀር የጀልባዋ ሁለት ግማሾች በተራ የተያያዙ ያህል ይሆናሉ፤ ማይክሮዌቩ በአንዱ በኩል ሲበራ በሌላው በኩል ያለው ትንሽ የስልክ ቻርጀር አብዛኛው ቮልት ይጫንበታል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከኢንቨርተሩ ጋር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ኢንቨርተሩ ሲሠራ ኒውትራሉን ከግራውንድ (ወደ መሬት ከሚወስደው የመከላከያ ሽቦ) ጋር ራሱ ማገናኘት አለበት፤ ካላገናኘ በጀልባዋ ውስጥ ያለው መከላከያ ብሬከር በተገቢው ጊዜ ላይዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ የድሮውን ባለ 120 ቮልት ቻርጀር ብሬከሩን አጥፍተው ያሽጉት። ያለበለዚያ ኢንቨርተሩ ከባትሪው ወስዶ ለቻርጀሩ፣ ቻርጀሩ መልሶ ለባትሪው እየሰጠ፣ በየዙሩ እየባከነ ባትሪው ባዶ ይሆናል። ይህን ስህተት በሠለጠኑ ሰዎች ጀልባ ላይ ሳይቀር አይቻለሁ።

አሁን አዲስ ወደብ የደረሱ ዕለት ስለሚያደርጉት። ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ይለኩ። እኔ አጭር ገመድ ላይ ሰማያዊ ስፒና ገጥሜ፣ በሌላው ጫፍ የተሸፈኑ የመለኪያ ነጥቦች ያሉት ትንሽ ሳጥን ይዤ እዞራለሁ። ከፌዝ ወደ ኒውትራል ከ220 እስከ 240 ቮልት መሆን አለበት። ከፌዝ ወደ ግራውንድም ያው። ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ዜሮ ወይም ሁለት ሦስት ቮልት። ከኒውትራል ወደ ግራውንድ 230 ካነበበ ሽቦው ተገልብጧል። ከሁለቱም ወደ ግራውንድ ተመሳሳይ መካከለኛ ቁጥር ካገኙ ሁለቱም ሕያው ናቸው። ከፌዝ ወደ ግራውንድ ያለው ቁጥር የሚዋልል፣ አንዴ 40 አንዴ 90 የሚል ከሆነ ግን ግራውንድ የለም ማለት ነው።

ይህን የመጨረሻውን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አዲስ የተቀባች፣ የምታምር የወደብ ሶኬት ሳጥን ነበረች፤ መብራቷም ቆጣሪዋም ይሠራል። መለኪያዬ ፌዝና ኒውትራል መካከል 231 አለ፤ ወደ ግራውንድ ስወስደው ቁጥሩ መረጋጋት እምቢ አለ። የወደቡ ኤሌክትሪሺያን ሽፋኗን ሲፈታት አረንጓዴና ቢጫው የግራውንድ ሽቦ ከማሰሪያው ወጥቶ፣ ጫፉ በጨው አረንጓዴ ሆኖ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ከዚያች ሳጥን በዚያ ሳምንት ሦስት ጀልባዎች ሲጠቀሙ ነበር። የአንዳቸው ማሞቂያ ቢበላሽ ኖሮ የብረት አካሏ ሁሉ ሕያው ይሆን ነበር፤ የሚያስታውቅም ምንም ምልክት አልነበረም። ሁለት ደቂቃ የሚወስደውን መለኪያ የማልዘለው ለዚህ ነው።

ከዚያ የአሰካክ ቅደም ተከተል። የሳጥኗ ብሬከር ዝግ ይሁን፤ ገመዱን መጀመሪያ ጀልባዋ ላይ፣ ቀጥሎ ወደቡ ላይ ይሰኩ፤ በመጨረሻ ብሬከሩን ያብሩ። ሲነቅሉ ከወደቡ ይጀምሩ። ዓላማው ሕያው ስፒና በእጅዎ ይዘው ከውኃ በላይ የሚረማመዱበት ቅጽበት እንዳይኖር ነው። ገመዱን ሲያስሩ ከስፒናው በታች እንዲረግብ አድርገው ይተዉት፤ ዝናቡ በገመዱ ወርዶ ስፒናው ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከታች ይንጠባጠባል። የተረፈውን ገመድ ጠቅልለው አያስቀምጡ። 25 ሜትር ገመድ በክብ ተጠቅልሎ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ሙቀቱ የሚወጣበት ስለሌለ እርስ በርሱ ይጋገራል። ዘርግተው በመድረኩ ጠርዝ በኩል ያሳልፉት።

ከ32 አምፔር ሶኬት ወደ 16 አምፔር ገመድ የሚያወርድ አዳፕተር ያስፈልግዎታል፤ ነገር ግን በውስጡ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ያለው ይሁን። የሳጥኗ ብሬከር 32 ሲሆን ገመድዎ የሚችለው 16 ከሆነ፣ በወደቡና በጀልባዋ መካከል ያለውን ገመድ የሚጠብቀው የለም። ቀዩን ስፒና ግን አይጠጉት፤ ቀይ ማለት ሦስት ፌዝ 400 ቮልት ነው።

ከሰኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ስፒናዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ቢል ደህና ነው። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ውስጡ የላላ ወይም የዛገ መገናኛ አለ። 0.1 ኦም ብቻ የሆነች የመገናኛ ጉድለት 15 አምፔር ሲያልፍባት 22 ዋት ያህል ሙቀት ታመነጫለች፤ ይህ በአንድ ትንሽ ፒን ላይ ሲያርፍ ፕላስቲክ ያቀልጣል። የተቃጠለ ስፒና ከፍተው ሲያዩ ከሦስቱ ፒኖች አንዱ ብቻ ጠቁሮ፣ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ካራሜል ቡናማ ሆኖ፣ ሁለቱ ፒኖች ግን እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ያንን ስፒና አጽድተው አይጠቀሙበት፤ ይጣሉት።

ስለ ግራውንዱ ሽቦ የሚቀረኝ አለ፤ ብዙ ሰው ቆርጦ የሚጥለው እሱን ነውና። ወደብ ላይ ሲሰኩ የእርስዎ ጀልባ ፕሮፔለርና የጎረቤትዎ ጀልባ ፕሮፔለር በግራውንዱ ሽቦ በኩል ይገናኛሉ። ባሕሩ ጨዋማ ነው፤ ብረቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለት ብረትና ጨዋማ ውኃ ደግሞ ባትሪ ነው። ዚንክ በፕሮፔለሩ ፈንታ እንዲበላ የሚታሰር ብረት ነው፤ ጎረቤትዎ ዚንኩ አልቆበት ከሆነ የእርስዎ ዚንክ ለሁለታችሁም ይበላል። ዓመት ይቆያል ያሉት ዚንክ በአንድ ወቅት ውስጥ እንደ ተነደለ ስፖንጅ ሆኖ ይወጣል፤ እሱ ሲያልቅ የፕሮፔለሩ ነሐስ ይከተላል። ይህን ያየ ሰው ግራውንዱን ቆርጦ ይገላገላል። እባክዎ አያድርጉት። ግራውንድ ከሌለ፣ ቻርጀሩ ውስጥ ሽቦ ሲላላ ኤሌክትሪኩ በሞተሩና በፕሮፔለሩ በኩል ወደ ውኃው መንገድ ይፈልጋል፤ በአካባቢው የሚዋኝ ሰው ካለ ያልፍበታል። በሰው ጡንቻ ውስጥ 10 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያልፍ ክንድና እግር መታዘዝ ያቆማሉ፤ ዋናተኛው ሳይጮህ ይሰምጣል። ከሁሉ የከፋው ጨው በሌለበት ውኃ ነው፤ የሰው አካል ከወንዝና ከሐይቅ ውኃ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። ኤሌክትሪክ በተዘረጋበት ወደብ ውስጥ እርስዎም ልጆችም አይዋኙ፤ ፕሮፔለሩን ለማየት እንኳ ቢሆን ወጥተው መልሕቅ ጥለው ይሁን።

የመበላቱ መፍትሔ ጋልቫኒክ አይሶሌተር ነው። በግራውንዱ ሽቦ ላይ፣ ልክ ከመግቢያው በኋላ ይገጠማል። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ከ1.2 ቮልት ገደማ በታች ያለውን ያግዳሉ፤ በብረቶቹ መካከል የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ስለሆነ ይቆማል። እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ ግን ዳዮዶቹ ተከፍተው ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ያሳልፉታል። ለፋይበርግላስ ጀልባ ይህ ይበቃል። ጀልባዎ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ፣ የወደቡን መስመር ከጀልባዋ መስመር ሙሉ በሙሉ የሚለያይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ካልገጠሙ አይሰኩ እልዎት ነበር፤ ክብደቱ ከ20 ኪሎ በላይ ቢሆንም።

ጀልባዋን ለወራት ጥለው የሚሄዱ ከሆነ ገመዱን ነቅለው ይሂዱ። ባትሪውን ለመጠበቅ አንድ መጠነኛ የፀሐይ ፓኔል ይበቃል፤ ማንም የማያየው ስፒና ከሚግል፣ ዚንክም ከሚያልቅ ይሻላል። ባትሪዎ የሊቲየም ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ወራት መቆየቱን አይወደውም፤ ግማሹ አካባቢ ትተውት መሄድ ለዕድሜው ይበጃል።

አዲሱን ቻርጀር ገዝተው ከመነሳትዎ ሁለት ሦስት ወር በፊት ይግጠሙት። ሁለቱንም ቮልት ስለሚቀበል፣ በሰማያዊው መግቢያ በኩል አሁን ካሉበት ወደብ 120 ቮልት ሰጥተው ሊፈትኑት ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአሜሪካው ስፒና ወደ ሰማያዊው የሚያገናኝ ገመድ ነው፤ ይህኛው አቅጣጫ አደጋ የለውም፤ ከመግቢያው ኋላ ያለው ቻርጀሩ ብቻ ነውና። የማሞቂያውን ዘንግ ቀይረው በዚሁ መስመር ላይ ካስገቡት እንኳ በ120 ቮልት ሩብ ኃይሉን ብቻ ይሰጣል እንጂ አይጎዳም። ዋናውን ብሬከር ዘግተው ማይክሮዌቩን፣ ቡና ማፍያውን፣ ኮምፒውተሩን ሁሉ በኢንቨርተር ብቻ አንድ ሳምንት ይጠቀሙና ባትሪው ጠዋት ጠዋት ስንት ቮልት ላይ እንደሚገኝ ይመዝግቡ። የአየር ማቀዝቀዣውን ካልተዉት፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሳህን አንብበው ቮልቱን፣ ኸርዙንና አምፔሩን ይላኩልኝ፤ «50/60» የሚል ከተጻፈበት የተለየ መንገድ ስላለ ለብቻው እመለስበታለሁ።